ሳይፈርሙ ዋስ

ጳጉሜ ስንት ቀን እንዳላት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት አምስት፣ በአራተኛው ስድስት። አያቴማ ቁጥርም አያስፈልጋት፤ «ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ ስድስት ናት» ትላለች፣ በቃ። እኔ ግን አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ሁለት ዓመት በሙያው ደሞዝ በልቼ፣ ይህንኑ ነገር በኮድ ስጽፍ ተሳሳትኩ።

ስህተቱ አንድ መስመር ነው። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ጳጉሜ ስድስት ቀን ይኑራት አልኩት። ይሄ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 የሚያደርጉበት ሕግ ነው፣ ያውም ግማሹ፤ ጣቴ የለመደው እሱን ነው። በእኛ አቆጣጠር ስድስት የምትሆነው ቀሪው ሦስት ሲሆን ነው፦ 2011፣ 2015፣ ወደፊት ደግሞ 2019። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በአንድ እይታ ይይዘው ነበር። ኮዱን ያየነው፣ ዲግሪ የያዝን ሦስት ሰዎች ግን አልያዝነውም።

ሲስተሙ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ ያለ የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ነበር። ገንዘብ ያዧ ሰው የከፈለበትን ቀን ቅጹ ላይ ታስገባለች፤ የኔ መስመር ደግሞ እንዲህ የሚባል ቀን መኖር አለመኖሩን ያጣራል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሰኞ ላይ ዋለች። የሥራ ቀን፣ ያውም የዓመቱ መዝጊያ፣ ሰው ዕዳውን ከፍሎ በዓሉን ቀለል ብሎት ሊውል የሚሰለፍበት ቀን። ገንዘብ ያዧ ቀኑን ስትጽፍ ቅጹ ቀይ ሆነባት፦ «ያስገቡት ቀን ትክክል አይደለም»። ወደኋላ ሄዳ ጳጉሜ 5 እንዳትል፣ ሲስተሙ ያለፈ ቀን መመዝገብ ይከለክላታል። ይሄኛው ክልከላ እንኳ ጥሩ ክልከላ ነው፤ ማጭበርበር እንዳይኖር አስበን ያስገባነው። አንድ መጥፎ ሕግና አንድ ጥሩ ሕግ ተጋግዘው ሴትዮዋን መፈናፈኛ አሳጧት። ከመስኮቱ ወዲያ ሰልፉ ይጠብቃል። ቀጥሎ ያለውን ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2016ን ሞከረች። አረንጓዴ።

ያን ዕለት የከፈለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አሳልፎ፣ በአዲሱ ዓመት እንደከፈለ ሆኖ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ይሄን ታሪክ ለሙያ ጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ቴስት አልጻፍክም እንዴ?» ብለው ነው። ጽፌያለሁ። እንዲያውም አሪፍ አድርጌ። አንዱ ቴስት ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ትቀበላለህ ወይ ይላል፤ ኮዱ እቀበላለሁ ይላል፤ አረንጓዴ። ሌላው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ትከለክላለህ ወይ ይላል፤ እከለክላለሁ፤ አረንጓዴ። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ፣ መልሱን የሠራሁት እኔ፣ ያረምኩት እኔ። ኮዱን የሚያሳምረው መሣሪያ ክፍተቱንና ነጠላ ሰረዙን አስተካክሎልኛል። ስሕተት የሚፈልገው መሣሪያ ያልተጠቀምኩበት ተለዋዋጭ እንዳለ ነግሮኛል። ሁሉም የሚሠሩትን በትክክል ሠርተዋል። ግን ሁሉም የሚያዩት ኮዴ ከእምነቴ ጋር መስማማቱን ነው። እምነቴ ከሰኞ ጋር መስማማቱን የሚያይ መሣሪያ ማንም አልሠራም። ዛሬ ደግሞ ኮዱንም ቴስቱንም አንድ ላይ የሚጽፉልን የኤአይ ረዳቶች አሉን፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። ያንኑ አንድ እምነት በሁለት ፋይል፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ማግኘት እንደዛሬ ቀሎ አያውቅም።

ይሄ ሁሉ የማላውቀው ስህተት ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሰው ይሳሳታል፤ አለቀ። ችግሩ ከዛች መስመር በላይ ያለችው ማስታወሻ ናት። ፕሮግራመር ስትሆኑ በኮዱ መሀል ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ትተዋላችሁ። የኔ እንዲህ ትላለች፦ «ጳጉሜን በኋላ አረጋግጥ»። ስለዚህ ተጠራጥሬያለሁ። ስልክ አንስቶ አያቴን መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ የጤና ጥየቃው ሲጨመር አሥር። በማግስቱ ማስረከብ ነበረብን። «በኋላ» አልኩና ተኛሁ።

ሙያው ለእንዲህ ዓይነቱ «በኋላ» የሚያምር ስም አለው፦ ቴክኒካዊ ዕዳ። ምሳሌውን ያመጣው ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992። ቶሎ ለማድረስ ብለህ ያልበሰለ ነገር ብታወጣ እንደ መበደር ነው፤ ቶሎ ተመልሰህ ካስተካከልክ ብድሩ ይጠቅምሃል፣ ከተውከው ወለዱ ይበላሃል፤ ሐሳቡ ይሄ ነው። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጅ ለማሳመን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግን ለብድር ማህበር ሲስተም እየሠራሁ ብዙ ጊዜ ሳስበው አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ማህበሩ ውስጥ ብድር ሲወሰድ ተበዳሪ ይፈርማል፣ ዋሱም መጥቶ ይፈርማል። ዋስ የሚሆነው ሰው ተበዳሪው ባይከፍል ምን እንደሚደርስበት ተነግሮት፣ አውቆ፣ ብዙ ጊዜም ሚስቱ ተቆጥታው ነው የሚፈርመው። እኔ በዛች ሌሊት ስበደር ግን ወለዱ በኔ ላይ አልቆጠረም። ደሞዜ በወሩ መጨረሻ ገባ። ዕዳውን የከፈሉት ሳይፈርሙ ዋስ ያደረግኳቸው ሰዎች ናቸው።

ከነዚህ አንዷን በኅዳር 2016 አየኋቸው። አዲስ የሪፖርት ክፍል ጨምረን ኖሮ ሠራተኞቹን ላለማምድ ሄጄ፣ ከገንዘብ ያዧ ጀርባ ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት መስኮቱ ላይ ናቸው። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ፤ በየዓመቱ ጤፍ ተወቅቶ ገበያው ረከስ ሲል ተበድረው የዓመቱን ይገዛሉ። ዘንድሮ ብድር አይገባዎትም ተባሉ። በሲስተሙ መሠረት ዓመቱ ሲዘጋ ዕዳውን ያላጠናቀቀ ተበዳሪ ለስድስት ወር ይታገዳል።

«እኔ እኮ ጳጉሜ ስድስት፣ ሰኞ ዕለት ከፍያለሁ» አሉ። «ማክሰኞ ዓውደ ዓመት አልነበረም? ከዚህ ወጥቼ ነው ዶሮ የገዛሁት።»

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ሲስተሙ ነው እንደዛ የሚለው» አለች ገንዘብ ያዧ። ስክሪኑን አዞረችላቸው። 1/1/2016።

ከፌስታል ውስጥ ደረሰኝ አወጡ። በእስክሪብቶ፣ በራሷ በገንዘብ ያዧ እጅ፦ 6/13/2015። ወረቀት አይከለክልም። የተባለውን ቀን ይጽፋል፣ የማይመች ነገር ካለም ኅዳጉ ላይ ቦታ አለው። ልጅቷ ደረሰኙንም ስክሪኑንም አየች፤ ያን ቀን የሆነው ትዝ እንዳላት ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን ከሁለቱ አንዱን ማመን ሲኖርባት የራሷን እጅ ጽሑፍ አላመነችም።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የኮምፒውተሩ ሰው አንተ ነህ አሉ። ጳጉሜ ስድስት አልነበረችም?»

ኮዱን ሳልከፍት ገብቶኝ ነበር። ማስታወሻዬ ከነቃሏ መጣችብኝ። «አይቼ እነግርዎታለሁ እናቴ» አልኳቸው። አይቼ። ምን እንደማይ እግዜር ይወቀው።

ሲስተምን ከሰው በላይ ማመን የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ሆራይዘን የሚባል፣ ፉጂትሱ የሠራው የፖስታ ቤቶች የሒሳብ ሲስተም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየሰፈሩ ባሉ ቅርንጫፎች ተዘረጋ። ሲስተሙ ካዝናው ውስጥ ያለውን ገንዘብ አጉድሎ ያሳይ ጀመር። ቅርንጫፉን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በውላቸው መሠረት ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲሞሉ ተጠየቁ፣ ብዙዎቹም በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተከሰሱ። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር ኮምፒውተር በትክክል ሠርቷል ብለው ይነሱ ነበር። የአንድ መንደር ፖስታ ቤት የምታስተዳድር ሴት ተቃራኒውን ማስረጃ ከየት ታመጣለች? ኮዱ ያለው እነሱ ጋ ነው። ብዙዎቹ ለእርዳታ ሲደውሉ «ይህ ችግር ያጋጠመው አንቺን ብቻ ነው» ይባሉ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት በፍርድ የተናገረው በ2019 ነው፤ የጅምላ ፍርድ መሻሪያው ሕግ የወጣው በ2024። ሃያ አምስት ዓመት።

ይሄን ሳነብ የሚከነክነኝ የአለቆቹ ውሸት አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ያወግዘዋል። እኔ የማስበው ከታች ያለውን፣ ስሙን የማናውቀውን ፕሮግራመር ነው። ምሽት ላይ አንድ ነገር ጠርጥሮ «በኋላ» ያለውን። እሱ ማንንም አላሰረም። እኔም ማንንም አላገድኩም። ያለኝ አንድ የተጠረጠረ መስመርና የማስረከቢያ ቀን ነበር። በመሀል ብዙ እጅ አለ፦ ሪቪው ያደረገው፣ የገዛው፣ ደንቡን ያወጣው፣ ቀኑን የሞላችው። እያንዳንዱ እጅ ትንሽ ትንሽ ስለሚይዝ ጉዳቱ ማንም እጅ ላይ የለም። በመጨረሻ ሲደርስ ግን አልተከፋፈለም፤ አንድ ሰው ላይ፣ መስኮት ፊት ቆሞ ደረሰኝ የያዘ ሰው ላይ፣ ሙሉውን ነው ያረፈው።

አዲስ አበባ ተመልሼ መስመሩን አስተካከልኩ፤ አንድ ቁጥር መቀየር ነው፣ ዜሮውን በሦስት። ቲኬቱ በዚያው ቀን ተዘጋ። ጊት የሚባለው፣ ሁላችንም የኮዳችንን ታሪክ የምናስቀምጥበት መሣሪያ፣ «ብሌም» የምትባል ትእዛዝ አለችው፤ እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው ታሳያለች። ስሟ መውቀስ ማለት ነው። ትርጉሙ ሲደርስብኝ ነው የገባኝ። ስሜ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃያ።

ግን ኮዱ ተስተካከለ ማለት የተመዘገበው ተስተካከለ ማለት አይደለም። መረጃ ቋቱን ስፈልግ መስከረም 1 ቀን 2016 ከፍለዋል የተባሉ 38 ሰዎች አገኘሁ። መስከረም 1 ማህበሩ ዝግ ነው! ቢሮው በተዘጋበት ቀን 38 ሰው ሲከፍል ሲስተሙም እኛም ምንም አልመሰለንም። ቁጥሩን ይዤ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለኝም ስህተት አልነበረም። «መረጃው የነሱ ነው፣ ካልጠየቁን አንነካም» አለኝ። እውነት ነው። ገንቢ በሰው የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንደፈለገ ቢያስተካክል ከዚህ የባሰ ነው። «እንንገራቸዋ» አልኩ። «ውሉ ይታደስና» አለኝ።

እና ዝም አልኩ። ሁለት ወር። በነዚያ ሁለት ወራት ራሴን ያጽናናሁባቸውን ነገሮች ዛሬ ሳያቸው ሁሉም ግማሽ እውነት ናቸው። ቅሬታ ያቀረበ የለም እኮ (አንድ ሴት አቀረቡ፣ ፊቴ ቆመው)። ቅጣቱ ጥቂት ብር ነው። በድሮው መዝገብም ስንት ስህተት ነበር። ይሄ የመጨረሻው እንዲያውም ሙሉ እውነት ነው፤ የወረቀቱን ዘመን ለማስዋብ አልፈልግም፣ ተቀድዶ የጠፋ ገጽ፣ በጉቦ የተፋቀ ቁጥር ሞልቶ ነበር። ልዩነቱ የተፋቀ ቁጥር የተፋቀ መምሰሉ ነው። የኔ 1/1/2016 ግን ጥርት ያለ፣ እንደሌላው ቁጥር ሁሉ የታመነ ነበር።

ጥራት የሚባለውን ነገር ድሮ የማየው እንደ ንጽሕና ነበር። የኮዱ ውበት፣ የስሞቹ አመራረጥ፣ አንድ ተግባር አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ ምናምን። በዚህ ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርኳቸው ጓደኞች አሉኝ። አሁንም ደስ ይለኛል፤ ንጹሕ ኮድ ማንበብ እንደ ጥሩ ቡና ነው። ግን የዛች መስመር ንጽሕና ምንም አልጎደለውም። አጭር፣ ግልጽ፣ ጥሩ ስም ያላት፣ ቴስት ያላት ነበረች። በተቃራኒው ደግሞ ከኔ በፊት የነበረ ልጅ የጻፈው፣ ሁላችንም የምንስቅበት ኮድ ነበር፤ በአንድ ፋይል አራት ሺህ መስመር። እሱ ግን የክፍያ ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ገንዘብ ያዧ ምክንያት ጽፋ በኃላፊ ፊርማ የምታልፍበት በር ትቶ ነበር። እኔ ነኝ «አላስፈላጊ ውስብስብነት» ብዬ ያወጣሁት። ኮዱን ሳጸዳ።

እሱ ልጅ ማኅበሩ ቢሮ ሄዶ ሳምንት ተቀምጦ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

በጥር ጻፍኩላቸው። ድፍረት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምናልባት ውሉ ስለታደሰ ይሆናል፣ እውነቱን ለመናገር። ለማህበሩ ሥራ አስኪያጅ በአማርኛ፣ ቴክኒካዊ ቃል ሳልጨምር፣ የ38ቱን ሰዎች የአባልነት ቁጥር ዘርዝሬ፣ ስህተቱ የኛ መሆኑን፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን። አለቃዬ ለሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ከዚያ ራሱ በደብዳቤ አጸናው። ማህበሩ መዝገቡን አረመ፣ ቅጣቱን መለሰ፣ እገዳውን አነሳ። ሥራ አስኪያጁ ደውለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው ከስድብ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም እሳቸው የሰሙት የነገርኳቸውን እንጂ ሁለቱን ወር አልነበረም።

ገንዘብ ያዧን ስለ ሴትዮዋ ጠየቅኳት። «ለመስከረሙ ቀን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ» አለችኝ፤ እሷ። እኔ አይደለሁም። ብድሩ ቢፈቀድላቸውም ጤፉ እስከዚያ ጨምሯል። ከዘመድ ተበድረው ትንሽ ትንሽ እየገዙ ነው መሰለኝ አለች። ምን ያህል እንደከሰሩ ማስላት እችላለሁ፤ ዋጋውንም መጠኑንም ብጠይቅ ቀላል ሒሳብ ነው። አልጠየቅኩም።

አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ቅዳሜ ላይ ትውላለች፤ ማህበሩ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ስልኬ ላይ ማስታወሻ አስገብቻለሁ፣ ያ ኮድ የኔ ኃላፊነት ባይሆንም፣ ያን ቀን ልደውልላት። ማስታወሻውን የሞላሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሴፕቴምበር 11፤ ሌላውን ስልኩ አይቀበልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የገባ ልጅ ኮዱን እንዳይለት ላከልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። መሀል ላይ «የስም ርዝመት በኋላ ይታይ» ይላል። ስንት ፊደል ነው የሚቀበለው ስል አሥራ አምስት አለኝ። ሃብተማርያም ገብረእግዚአብሔር የሚባል ሰው መጥቶ ቢመዘገብስ አልኩት፤ ክፍተቱ ሲቆጠር ይተርፋል። ሳቀ። «ማስረከቢያው ሐሙስ ነው» አለኝ። አወቅኩት ያንን ድምፅ። ማስታወሻውን ቀይረው አልኩት፤ «በኋላ» የምትለውን አውጣና ይሄ ባይስተካከል ማን ላይ ምን እንደሚደርስ ጻፍ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ላከው። «ስሙ ረጅም የሆነ ሰው በተቆረጠ ስም ይመዘገባል፤ መታወቂያው አይመሳከርም፤ ገንዘቡን ማውጣት አይችልም» ይላል።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አሥራ አምስቱን ሳይቀይር ነው የላከው። ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ «አጽድቅ» የምትለዋን ቁልፍ ብዙ ደቂቃ አየኋት።